የውሻው ጠረን ከቤቱ አልወጣ አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የምንኖረው አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ክፍል ብቻ ባለው ጠባብ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ጠጉሩ የረዘመ የአምስት ዓመት ወንድ ውሻ አለን። በሳምንት ሁለት ጊዜ እኔ በምጠቀምበት ሻምፖ አጥበዋለሁ፤ ወለሉን በየቀኑ በበረኪና እወለውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ በሶፋውና በመጋረጃው ላይ ሽቶ እረጫለሁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሻው በታጠበ በሁለተኛው ቀን ጠረኑ ይመለሳል፤ በዝናብ ሰሞን ደግሞ ጨርሶ ይብሳል። ለእኔ እምብዛም አይሸተኝም፤ ነገር ግን እኅቴ ባለፈው ልትጠይቀን ስትመጣ ገና ከበሩ ሳታልፍ ፊቷን ስታጨማድድ አየኋት። ባለቤቴም ውሻው ከእንግዲህ ደጅ ይደር ማለት ጀምሯል። የሚተኛው ከሶፋው ጀርባ ባለው ጥግ፣ በአሮጌ ስፖንጅ ላይ ነው። አልፎ አልፎ ጭንቅላቱን ከመነቅነቁና ጆሮውን ከማከኩ በቀር ሙሉ ጤነኛ ነው። ውሻውን ሳላስወጣ ጠረኑን ማስወጣት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ እስካሁን ከደከሙባቸው ነገሮች መካከል አንዳንዶቹ ችግሩን የሚያብሱ ናቸው። ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው በመጨረሻ እንደ ዋዛ ያነሡት የጆሮው ጉዳይ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። አስቀድመን ግን «የውሻ ጠረን» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ብዙ ምንጭ እንዳለው ልናስታውስዎ እንወዳለን። ከቆዳው፣ ከጆሮው፣ ከአፉ፣ ከፊንጢጣው አጠገብ ካሉት ትንንሽ ከረጢቶች የሚወጣው፣ እንዲሁም መኝታውና ወለሉ ጠጥተው ያስቀሩት ጠረን መነሻቸውም መፍትሔያቸውም ይለያያል። ምንጩን ሳይለዩ ውሻውን ደጋግሞ ማጠብና ቤቱን በሽቶ መሸፈን፣ ድካሙ የሳምንት ሆኖ ውጤቱ ከሁለት ቀን የማያልፈው ስለዚህ ነው።

ለእኅትዎ የሸተታት ለእርስዎ አለመሽተቱ የሚያስገርም አይደለም። የሰው አፍንጫ ሳይቋረጥ የሚደርሰውን ጠረን በደቂቃዎች ውስጥ ይለምደዋል፤ ጠረኑ ግን እዚያው አለ። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከቤት በመውጣት ነው። ለጥቂት ሰዓታት ርቀው ይቆዩና፣ መስኮቱ ተዘግቶ ወደ ዋለው ቤት ሲመለሱ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ትንፋሾች በጥሞና ይሳቡ። በዚያ ሰዓት ውሻው ከሌላ ሰው ጋር ለሽርሽር ወጥቶ ቢሆን ይመረጣል፤ እርሱ በሌለበት ቤቱ የሚሸት ከሆነ ጠረኑ በዕቃው ላይ ሰፍሯል ማለት ነው። ጎንበስ ብለው ሶፋውን፣ ስፖንጁን፣ የመጋረጃውን የታችኛውን ጫፍ፣ የግድግዳውን ማእዘንና የበሩን መቃን በየተራ ያሽትቱ። ውሻውን ደግሞ ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ላይ አቁመው ጀርባውን፣ ሁለቱን ጆሮዎች፣ አፉን፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን ቦታና የጅራቱን ሥር ለየብቻ ያሽትቱት። ለሚያይ ሰው አስቂኝ ቢመስልም ይህ ሥራ ከማንኛውም የጽዳት ዕቃ በፊት የሚቀድም ነው። የራስዎን አፍንጫ ካላመኑት እኅትዎን መልሰው ይጋብዟት፤ ፊቷን ካጨማደደች አይቀር ምንጩን በጣቷ ብታሳይዎ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ጤነኛ ውሻም ቢሆን መጠነኛ ጠረን እንዳለው መቀበል ያስፈልጋል። ውሻ እንደ ሰው መላ አካሉን በላብ እያራሰ አይቀዘቅዝም፤ ውሃማ ላብ የሚያፈልቁት እጢዎቹ በዋናነት በመዳፉ ላይ ናቸው። በቀረው አካሉ ላይ ከጠጉሩ ሥር ቅባት የሚያመነጩ እጢዎችና ወፈር ያለ ፈሳሽ የሚያወጡ ሌሎች እጢዎች ይገኛሉ። ቅባቱ ቆዳው እንዳይደርቅና ውሃ በቀላሉ እንዳይዘልቀው የሚጠብቀው ሲሆን፣ በራሱ ብዙም አይሸትም። የሚሸተው፣ በቆዳው ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችና የእርሾ ዘር የሆኑ ፈንገሶች ይህን ቅባት ሲያፈራርሱ የሚፈጠረው፣ በቀላሉ ወደ አየር የሚተንን ንጥረ ነገር ነው። ጠጉሩ ሲርስ ውሃው በሚተንበት ጊዜ ይህንኑ እየያዘ ይወጣል፤ በዝናብ ሰሞን የሚብሰውም ውሻው በድንገት ስለ ቆሸሸ ሳይሆን ተኝቶ የነበረው ጠረን ስለ ተነሣ ነው።

ይህን ሲያነቡ «እንግዲያውስ ቅባቱን አጥቦ መጨረስ ነው» ማለትዎ አይቀርም፤ እርስዎም ሳያስቡት ይህንኑ ሲያደርጉ ቆይተዋል። የሰው ቆዳ የአሲድነት ልኬት፣ ማለትም ፒ ኤች፣ በ5 አካባቢ ሲሆን የውሻ ቆዳ ግን ወደ 7 የሚጠጋ ነው፤ ለሰው ቆዳ ተመጥኖ የተሠራ ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲያርፍበት ተፈጥሯዊ መከላከያውን ያዛባዋል። ቅባቱ ተገፍፎ የደረቀ ቆዳ ያሳክካል፤ ውሻው ሲያክከው ይላጣል፤ በተላጠው ላይ ያልናቸው ተሐዋስያን ከቀድሞው ይልቅ ይራባሉ። ጠረኑ በሁለተኛው ቀን መመለሱ የእጥበት ማነስን ላያመለክት እንደሚችል፣ እንዲያውም የእጥበት መብዛት ውጤት ሊሆን እንደሚችል ልብ ይበሉ። ቤት ውስጥ ለሚውል፣ የቆዳ ሕመም ለሌለበት ውሻ ለውሻ በተዘጋጀ ሻምፖ በወር አንድ ጊዜ ገደማ መታጠብ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል፤ ጭቃ ሲነካው የነካውን ቦታ ብቻ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይቻላል።

ቁምነገሩ ያለው በአስተጣጠቡ ላይ ነው። ጠጉሩ ከመርጠቡ በፊት ተበጥሮ የተቋጠረው ሁሉ መፈታት አለበት፤ ተቋጥሮ የረጠበ ጠጉር ይበልጥ ይጠብቅና እርጥበቱን ከቆዳው ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ሻምፖውን ማልቀለቅ ከሚመስልዎ ጊዜ ሁለት እጥፍ ያህል ይውሰድ፤ የቀረ ሻምፖ ቆዳ ያስቆጣል፣ ቆሻሻም ይሰበስባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማድረቁ ነው። ረጅም ጠጉር ያለው ውሻ ከላይ ደርቆ ሲታይ ከሥር ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ይህ እርጥብ ውሻ በሶፋውና በመኝታው ላይ እየተጋደመ ጠረኑን ለዕቃው ሁሉ ያካፍላል። በአንድ ፎጣ ውሃውን ከመጠጡ በኋላ በሌላ ደረቅ ፎጣ እስከ ቆዳው ድረስ ማድረቅ፣ ውሻው ድምፁን ከለመደም የጠጉር ማድረቂያ ሙቀቱን ዝቅ አድርጎና ከቆዳው አርቆ መጠቀም ይቻላል። ከዝናብ በተመለሰ ቁጥርም ፎጣው በር አጠገብ ይጠብቀው። በተረፈ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ መበጠር፣ በእኛ ግምት፣ ከማንኛውም እጥበት ይልቅ ይጠቅምዎታል፤ ቅባት የተሸከመው የሞተ ጠጉርና የቆዳ ቅርፊት በቤቱ ሁሉ ከመርገፉ በፊት በማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ከተቻለ ብጠራው ደጅ ይደረግ።

አሁን ወደ ጆሮው እንመለስ። የውሻ የጆሮ ቱቦ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ እንደ ታጠፈ ቧንቧ ስለሆነ የገባበት ውሃና እርጥበት በቀላሉ አይወጣም። በተለይ ጆሮው ወደ ታች የሚንጠለጠል ወይም ውስጡ ጠጉር የሞላበት ውሻ ከሆነ አየር እምብዛም አያገኝም። እንዲህ ያለውን ጆሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማርጠብ ለእርሾና ለባክቴሪያ የተመቸ ሞቃትና እርጥብ ቤት መሥራት ነው። ጭንቅላትን መነቅነቅና ጆሮን ማከክ ደግሞ ከጆሮ ሕመም ምልክቶች ዋነኞቹ ናቸው። የሁለቱንም ጆሮ ሽፋን ገልጠው ያነጻጽሩ፤ ጤነኛው ጆሮ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለውና ብዙም የማይሸት ሲሆን፣ የታመመው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ቡናማ ሰም ወይም መግል የመሰለ ፈሳሽ ይታይበታል፤ የእርሾ ዓይነቱ ፈንገስ የበዛበት ጆሮ እንደ ኮመጠጠ ሊጥ የመሰለ ጠረን ይኖረዋል። ከአንድ ጆሮ የሚወጣ ይህን የመሰለ ጠረን ትንሽ ሳሎንን ለመሙላት አያንስም።

ምልክቱን ካዩ ጆሮውን በቤት ውስጥ ለማከም አይሞክሩ። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ቆሻሻውን ወደ መታጠፊያው ይገፋዋል፤ አልኮልና ኮምጣጤ የተቆጣ ቆዳ ሲነካ ያቃጥላል፤ የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ጠብታዎች የመስማት ችሎታውን ሊጎዱት ይችላሉ። የእንስሳት ሐኪሙ ታምቡሩን በመሣሪያ ካየ በኋላ ከፈሳሹ ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል፤ መንሥኤው እርሾ ይሁን፣ ባክቴሪያ፣ ወይም በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ጥቃቅን ተባዮች፣ የሚለየው በዚህ መንገድ ነው፤ የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ነው። ሕክምናው ካበቃ በኋላ በወራት ውስጥ ከተመለሰ ደግሞ ከበስተጀርባው የምግብ፣ የአቧራ ወይም የብናኝ አለርጂ ሊኖር ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪሙ ያስታውሱት። ቆዳው ቅባት የበዛበት፣ የጠቆረ ወይም የወፈረ ከሆነ፣ ወይም መዳፉን ያለ ዕረፍት የሚልስ ከሆነ በዚያው ጉብኝት ይታይለት፤ ለእርሾ የሚታዘዝ ልዩ ሻምፖ ካለም አረፋው ከመልቀለቁ በፊት ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል በቆዳው ላይ መቆየት አለበት። ወዲያው ያጠቡት መድኃኒት ሥራውን ሳይጀምር ወደ ፍሳሽ ይወርዳል።

አፉንና የጅራቱን ሥር በአጭሩ እንለፈው። የአፍ ጠረን አብዛኛውን ጊዜ የጥርስና የድድ ጉዳይ ነው፤ በጥርስ ላይ የሚጋገረው ንፍጥ መሰል ሽፋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠጥርና ከዚያ በኋላ ብሩሽ አያስለቅቀውም። ለውሻ በተሠራ የጥርስ ሳሙና በየቀኑ መቦረሽ የሚመከረው ለዚህ ነው። የሰው የጥርስ ሳሙና ፈጽሞ አይሰጠው፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ የውሻን የደም ስኳር በድንገት የሚያወርድና ሕይወቱንም ሊያጠፋ የሚችል ነው። ትንፋሹ እንደ ሽንት ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ከሆነ ጉዳዩ የጥርስ ብቻ ላይሆን፣ የኩላሊት ወይም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አይዘግዩ። ከፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ከረጢቶች ደግሞ ጠንከር ያለ ዓይነ ምድር ሲወጣ ራሳቸውን ባዶ ያደርጋሉ፤ ሲደፈኑ ግን የተበላሸ ዓሣ የሚመስል ጠረን ያመጣሉ፤ ውሻውም መቀመጫውን በወለሉ ላይ ይጎትታል። ደፍኖ የሚያስቸግረውን ባለሙያ ያወጣዋል፤ ጤነኛውን ግን «ለጥንቃቄ» ብሎ በየጊዜው ማስጨመቅ አያስፈልግም።

ስለ ቤቱ ስንናገር መጀመሪያ የምንጠቁመው ያንን አሮጌ ስፖንጅ ነው፤ ይጣሉት። ስፖንጅ ዓመታት ሙሉ ቅባትን፣ ምራቅንና እርጥበትን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲያከማች የኖረ ዕቃ ነው፤ ቢያጥቡትም መካከሉ በደንብ አይደርቅም፣ ያልደረቀ ስፖንጅም ከቀድሞው ይብሳል። የታጠበው ውሻ በየማታው ወደዚያ ስፖንጅ እየተመለሰ መተኛቱ ብቻውን የእጥበቱን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። አዲሱ መኝታ የሚወልቅ ሽፋን ያለው፣ ውስጡ ውሃ በማያሳልፍ ጨርቅ የተጠቀለለ ይሁን፤ ሽፋኑ ሁለት ቢሆን አንዱ ሲታጠብ ሌላው ያገለግላል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጨርቁ የሚችለው ከሆነ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ይታጠብና ፍጹም እስኪደርቅ ይሰጣ። ቦታውንም ይለውጡት፤ ከሶፋ ጀርባ ያለ ጥግ አየር የማይዘዋወርበት ነው። የአንገቱ ማሰሪያም ቅባት የሚጠጣ ጨርቅ ከሆነ ከሽፋኑ ጋር አብሮ ይታጠብ፤ ብዙ ሰው ውሻውን አጥቦ ሲያበቃ ያንኑ የሚሸት ማሰሪያ መልሶ ያጠልቅለታል። ሶፋው ላይ የሚወጣ ከሆነ ሶፋውን ከማጽዳት ይልቅ የሚታጠብ አልጋ ልብስ ማልበስ ይቀላል። ቀድሞ የያዘውን ጠረን ለመቀነስ ቤኪንግ ሶዳ በጨርቁ ላይ ነስንሰው ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል ለአንድ ሌሊት፣ ከቆየ በኋላ በአቧራ መሳቢያ ማሽን ያንሡት፤ ብዙ ከላሰ ስለሚጎዳው እስኪነሣ ድረስ ውሻው ወደዚያ አይቅረብ።

በረኪናውን በተመለከተ ልናስጠነቅቅዎ ይገባል። ወንድ ውሻ፣ በተለይ ያልተኮላሸ ከሆነ፣ የሶፋ እግርን፣ የመጋረጃ ጫፍንና የግድግዳ ማእዘንን በጥቂት የሽንት ጠብታ ምልክት ማድረግ ይወዳል፤ ጠብታው ትንሽ ስለሆነ ለወራት ላያስተውሉት ይችላሉ። በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ ቤትዎ ጠባብ መሆኑ ደግሞ አደጋውን ይጨምረዋል። አሞኒያ ያለባቸው ሌሎች የጽዳት ፈሳሾችም ለውሻው ሽንት ሽንት ስለሚሸቱት እዚያው እንዲደግም ይጋብዙታል። የቆየ የሽንት ቦታ ለማግኘት መብራቱን አጥፍተው በአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ዝቅ ብለው ይፈልጉ፤ ሽንት የነካው ቦታ ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ብርሃን ያሳያል። ያገኙትን ቦታ ለእንስሳት ሽንት በተዘጋጀ፣ ኢንዛይም (የሽንቱን ቅሪት የሚያፈራርስ ንጥረ ነገር) ባለበት ማጽጃ ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ እስኪርስ ያጥቡትና በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ያህል ጠብቀው በራሱ ይድረቅ። ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ኢንዛይሙን ሥራ ማስፈታት ነው፤ ቀድሞ በቦታው የነበረ በረኪናም ኢንዛይሙን ስለሚያበላሸው አስቀድመው ደጋግመው በውሃ ያለቅልቁት። ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ካላገኙ በእኩል ውሃ የተቀጠነ ኮምጣጤ አሞኒያውን ያለዝበዋል፤ ሙሉ መፍትሔ ግን አይደለም፣ እብነ በረድንም ይበላል፤ በረኪና ከነካው ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙ። አዲስ ሽንት ሲያገኙ ሳያሹ በጨርቅ ተጭነው ይምጠጡት፤ ማሸት ወደ ጥልቀት ይገፋዋል፤ በምንጣፍ ላይም የሚፈላ ውሃ ወይም እንፋሎት አይጠቀሙ፤ ሙቀቱ ጠረኑን ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል።

ሽቶውንም ይተዉት። የሰው አፍንጫ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ያህል የጠረን ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሩት የውሻ ከ200 ሚሊዮን በላይ አለው፤ ለእርስዎ ደስ የሚለው መዓዛ ለእርሱ መሸሻ የሌለው ጩኸት ሊሆን ይችላል። ከተክል የሚጨመቁ አንዳንድ የመዓዛ ዘይቶች፣ ለምሳሌ ቲ ትሪ ዘይት፣ በቆዳው ወይም በምላሱ ሲገቡ ውሻን ይመርዛሉ። ከዚህም ሌላ ሽቶና የቆየ ጠረን ሲቀላቀሉ የሚፈጠረውን ሦስተኛ ጠረን እኅትዎ ሳታውቀው አልቀረችም። በሽቶው ፈንታ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን፣ ወይም መስኮትና በርን፣ ጠዋትና ማታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ከፍተው ነፋስ ቤቱን አቋርጦ እንዲያልፍ ያድርጉ። እርጥብ ልብስ ውሻው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አለማስጣትም ይረዳል።

ባለቤትዎን በሚመለከት፣ ውሻው ደጅ ቢያድር ሶፋው፣ ስፖንጁና የመጋረጃው ጫፍ የያዙት ጠረን ቤት ውስጥ እንደሚቀር፣ ጆሮው ታሞ ከሆነም ሕመሙ ደጅ እንደማይድን ቢነግሩት ይስማማል ብለን እናምናለን። ስፖንጁን፣ ሽቶውንና በረኪናውን ዛሬውኑ ያስወግዱ፤ የሐኪም ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ይያዙ፤ የሽንት ፍለጋውን ለአንድ ምሽት ይመድቡ። ቆዳው ከብዙ እጥበት ለማገገም ጥቂት ሳምንታት ስለሚወስድ በመጀመሪያው ሳምንት ጠረኑ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋ ወደ ቀድሞው ሻምፖ አይመለሱ።

ጥያቄ፦ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ውሻ አለችኝ። ጠባይዋ ጨዋ ነው፣ ሁልጊዜም ደጅ ነበር የምትሸናው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ተኝታ ስትነሣ መኝታዋ ርሶ አገኘዋለሁ። ብቆጣትም አልተወችም። ክፍሉ በሙሉ ሽንት ሽንት ይሸታል።

መልስ፦ እባክዎ መቆጣቱን ያቁሙ፤ በእንቅልፍ ላይ ሳለች የሚያመልጣትን ሽንት እርሷም አታውቀውም። በሴት ውሾች፣ በተለይም እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸውና በሸመገሉት ላይ፣ የሽንት ቧንቧን የሚዘጋው ጡንቻ መላላት የተለመደ ነው፤ ብዙዎቹም በመድኃኒት ይሻላቸዋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት ሕመምና የስኳር በሽታም ይህንኑ ስለሚያመጡ ሐኪሙ የሽንትና የደም ምርመራ ማድረግ አለበት። ከወትሮው በላይ ውሃ የምትጠጣ ከሆነ ይህን ሳይዘነጉ ይንገሩት፤ ሽንቷን ይቀንስ ብለው ግን ውሃ እንዳይከለክሏት። እስከዚያው ድረስ ለሕፃናት የሚነጠፈውን ዓይነት ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ከመኝታዋ ሽፋን ሥር ያድርጉ፤ ከሆዷ በታችና ከኋላ እግሮቿ መካከል ያለውን ጠጉር አሳጥረው ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ጠርገው ያድርቁት። የክፍሉ ጠረን ግማሹ ምናልባት ከመኝታው ሳይሆን ከዚያ ጠጉር ሊሆን ይችላል፤ በሽንት ረጥቦ የሚውል ቆዳም ይቆስላል።

ጥያቄ፦ በአንዲት ክፍል ውስጥ ከአንድ አነስተኛ ውሻ ጋር እኖራለሁ። አየር የሚያጣራ መሣሪያ ልግዛ ወይስ ኦዞን የተባለውን ጋዝ የሚያመነጨውን? ኦዞኑ ጠረንን «ከሥሩ ይነቅላል» ተብሎ ተነግሮኛል።

መልስ፦ ኦዞን የሚያመነጨውን አይግዙ። ኦዞን ጠረንን በሚቀንስ መጠን ሲለቀቅ የሰውንም የውሻንም ሳንባ ይጎዳል፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ ደግሞ መሣሪያው ሲሠራ የምትሸሹበት ቦታ የላችሁም። ማጣሪያውን በተመለከተ ሻጩን የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ የሚይዘው ብናኝን፣ የቆዳ ቅርፊትንና ጥቃቅን ጠጉርን ነው፤ ጠረን ግን ጋዝ ስለሆነ ያመልጠዋል። ጋዙን የሚይዘው ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው በቂ ከሰል ያለውና ከሰሉም በየጊዜው የሚለወጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የጠገበ ከሰል ምንም አይዝም። ሆኖም ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ በመጀመሪያ የሚታጠብ መኝታና ሁለት መለዋወጫ ሽፋን ይግዙ፤ ማጣሪያው ምንጩ እያለ አየሩን ሲያጥብ ይኖራል እንጂ ምንጩን አያነሣልዎትም።

ጥያቄ፦ አፍንጫው ደፍጣጣ የሆነ ውሻችን ማታ ማታ ፈሱ አላስቀምጥ ብሎናል። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ መሄጃ የለንም፤ መላ አላችሁ?

መልስ፦ እንዲህ ያሉ ውሾች ሲበሉም ሲተነፍሱም ብዙ አየር ስለሚውጡ ከሌሎች ይልቅ ይብስባቸዋል። ምግቡን በአንድ ጊዜ ከማቅረብ በሁለትና በሦስት ከፍለው፣ ውስጡ ጉብታ ባለው ሳሕን ወይም በሰፊ ትሪ ላይ በትነው ይስጡት፤ ቀስ ብሎ ለመብላት ይገደዳል። ከገበታችሁ የሚያገኘውን ትርፍራፊና ወተት ለሁለት ሳምንት ሙሉ በሙሉ አቁመው ለውጡን ይመልከቱ፤ ያደገ ውሻ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ብዙ ጊዜ በደንብ አይፈጨውም። የምግቡን ዓይነት መለወጥ ካስፈለገ አሮጌውን እየቀነሱ አዲሱን እየጨመሩ ከ7 እስከ 10 ቀን ይውሰድ፤ የአንድ ቀን ለውጥ ራሱ ሆዱን ያውከዋል። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የክብደት መቀነስ አብሮ ከታየ፣ ወይም ሆዱ በድንገት ተነፍቶ ለማስመለስ እየሞከረ ምንም የማይወጣው ከሆነ ጉዳዩ የጠረን መሆኑ ያበቃል፤ በተለይ ይህ የመጨረሻው በሰዓታት ውስጥ የሚገድል የሆድ መነፋት ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።